ለእግር አደን የሚሆን ቀላል ጠመንጃ አመራረጥ፦ ከጦሳ ዳገት ጀምሩ

ደሴ ያደገ ሰው ጦሳን ያውቃል። ከከተማው ቀና ሲሉ እንደ ግድግዳ የቆመው ተራራ ነው። «ለአደን ጠመንጃ ልገዛ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?» የሚለኝን ሁሉ መጀመሪያ የምልከው እዚያ ነው።

እንዲህ አድርጉ። በአራት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙሉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። አራቱንም ሁለት ክንድ በሚሆን ቀለል ያለ ዱላ ላይ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩ። ከዱላው ጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ አድርጉና እንደ ጠመንጃ አንግቱት። ከዚያ ጦሳን ውጡ። ግማሽ መንገድ ላይ ትከሻ መቀያየር ትጀምራላችሁ። አናቱ ላይ ስትደርሱ ገመዱ ትከሻችሁን በልቶታል። በሌላ ቀን አንዱን ሃይላንድ ፍቱና ያንኑ መንገድ በሦስት ኪሎ ድገሙት። የአንድ ኪሎ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ጉልበታችሁ ይነግራችኋል።

ለአደን ለሚመጡ እንግዶች ረዳት ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠዋት «እኔው ራሴ እይዘዋለሁ» ያለ እንግዳ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ጠመንጃውን ለእኔ ሲያቀብል ስንቴ አይቻለሁ! ድኩላው ብቅ የሚለው ደግሞ ያኔ ነው። እስክንቀባበል ድረስ ጫካ ገብቷል። ባይገባም ሰውየው ትንፋሹ አልተሰበሰበም፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ለእግረኛ አዳኝ ጥሩ ጠመንጃ የምለው ከስድስት ሰዓት ጉዞ በኋላም በባለቤቱ እጅ ላይ የሚገኘውን ነው። ሌላው መስፈርት ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

በእኛ አገር ይህ አባባል ትንሽ ይከብዳል። ጠመንጃ ጌጥም ማዕረግም ነበር። አባቶቻችን ምንሽርና ቤልጅግ ሲያነሱ ድምፃቸው ይቀየራል። በፉከራውም የሚወደሰው ትልቁና ከባዱ ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲወጡ የያዙት ስናይደር፣ የኛ ሰው ሰናድር ያለው፣ የበርሜሉ ቀዳዳ 14 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነበር። እኔ የማወራችሁ ደግሞ 5.6 ወይም 6 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በእጅ ስለሚቀባበል ጠመንጃ ነው። ከሰናድር ጎን ቢያቆሙት የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ሚዳቋና ሰስ ለሚያድን ሰው ግን በቂው እሱ ነው።

መጀመሪያ ፈቃዱ

የሚያስፈልገው ሁለት ፈቃድ ነው። አንዱ ለጠመንጃው፣ ሌላው ለአደኑ። መሣሪያው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይተዳደራል። የዱር እንስሳቱ ጉዳይ ደግሞ በዱር እንስሳት አዋጅ ይታያል። አንዱ ሌላውን አይተካም። በሕግ የተመዘገበ መሣሪያ ስላለኝ ብሎ ሰስ መግደል ወንጀል ነው። በዚያ ላይ በየጊዜው የሚወጣ የጸጥታ ክልከላ አለ። ጠመንጃ ይዞ መንቀሳቀስ በታገደበት ሰሞን «ፈቃድ አለኝ» ብሎ መንገድ መጀመር ራስን ለጣጣ መዳረግ ነው። አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በወረቀት ያዙ።

ወሎ ውስጥ ጨርሶ የማይነካም አለ። በቦረና ሳይንትና በአቡነ ዮሴፍ ከፍታዎች ላይ የምናያቸው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የሉም። ቀይ ቀበሮ በመላ አገሪቱ ቢቀር 500 ገደማ ነው። ወደ ፓርክ ጠመንጃ ይዛችሁ አትግቡ። አደን የሚፈቀደው ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን እንስሳ፣ በተጻፈው ቁጥር፣ ለአደን በተከለለ ቦታ ብቻ ነው። እኔም የሠራሁት ከወሎ ውጪ ባሉ የአደን ቦታዎች ነው። ወሎ እግሬን ያጠነከርኩበት አገር ነው።

ፈቃዱ እጃችሁ ከገባ በኋላ ደጋግማችሁ አንብቡት። ጠመንጃውን የሚመርጥላችሁ እዚያ ላይ የተጻፈው እንስሳ ነው። እንሹ አምስት ኪሎ ቢሆን ነው። ሰስ ከአሥር ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል። ሚዳቋ ሃያ ኪሎ አካባቢ ነው። ወንድ ድኩላ ግን ከ40 ኪሎ በላይ ይሄዳል። ወንድ አጋዘን ከ200 ኪሎ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ጠመንጃ ከእንሹ እስከ ድኩላ ላሉት ነው። አጋዘን የተፈቀደለት ሰው ሌላ፣ ከፍ ያለ ጠመንጃ ይፈልግ። ዝቅተኛ ካሊበር (የበርሜል ቀዳዳ ስፋት) የሚወስን መመሪያ ካለም እሱ ይቀድማል።

ክብደቱን በራሳችሁ ሚዛን ለኩ

ሻጭ የሚነግራችሁ የባዶውን ክብደት ነው። እናንተ የምትሸከሙት ግን ባዶውን አይደለም። አንድ ምሳሌ ላስላ። ጠመንጃው 2.7 ኪሎ ነው እንበል። የማነጣጠሪያ መነጽሩ 350 ግራም፣ መነጽሩን የሚይዙት ቀለበቶች 120 ግራም፣ ማንገቻው 150 ግራም፣ አምስት ጥይት 60 ግራም። ድምሩ 3.4 ኪሎ ገደማ ሆነ። ሦስት ኪሎ ተኩል ለእኔ ድንበር ነው። ከዚያ ካለፈ ጦሳን አስታውሱ። ድሮ የምናውቀው ቤልጅግ ያለ መነጽር ባዶውን አራት ኪሎ ይጠጋል።

ስለዚህ ባዶው ከ2.5 እስከ 2.9 ኪሎ የሆነ ፈልጉ። ሲዜድ 527፣ ሆዋ ሚኒ፣ ኪምበር 84ኤም፣ ቲካ ቲ3ኤክስ ላይት በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። ሲዜድ 527ን ፋብሪካው መሥራት አቁሟል፤ ያገለገለ ሲገኝ ግን ጥሩ ዕቃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የሚቀሉበት ምክንያት ቀላል ነው። የብረት አካላቸው ለአጭር ጥይት ተለክቶ ነው የተሠራው። ለረጅም ጥይት በተሠራ አካል ውስጥ ትንሽ ጥይት ሲጎርስ የሚውል ጠመንጃ ግን የማይጠቀምበትን ብረት ያሸክማችኋል።

ከሁለት ኪሎ ከሩብ በታች ያሉም አሉ። እኔ አልወዳቸውም። ዳገት ወጥቶ ላለከለከ ሰው በጣም ቀላል ጠመንጃ እንደ ሸንበቆ ይወዛወዛል። ትንሽ ክብደት ከፊት በኩል ሲኖረው አፈሙዙ ይረጋል።

ካሊበሩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁጥሩ ሲመሳሰል ጥይቱም አንድ ይመስለዋል። .22 ሎንግ ራይፍል፣ .22 ሆርኔትና .223 ሬሚንግተን የሦስቱም እርሳስ፣ ማለትም ከአፈሙዝ የሚወጣው ክፍል፣ ውፍረቱ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ልዩነቱ ቀለሁ ውስጥ ያለው ባሩድ ነው። የመጀመሪያው ከአፈሙዝ ሲወጣ 180 ጁል ገደማ ጉልበት አለው። ሆርኔት ወደ 1,000 ጁል ይጠጋል። .223 ደግሞ 1,700 ጁል ይደርሳል።

.22 ሎንግ ራይፍል ለቆቅና ለጅግራ ነው። ድምፁም ርካሽነቱም ለልምምድ ይመቻል። ሚዳቋ ላይ ግን አትተኩሱበት። አቁስሎ ይለቀዋል። ሆርኔት ለእንሹ፣ እስከ 150 ሜትር ድረስ ደህና ነው። .223 በሰስና በሚዳቋ ላይ እስከ 200 ሜትር አያሳፍርም።

ፈቃዱ ላይ ድኩላ ካለ .243 ዊንቸስተር ያዙ። እርሳሱ 6 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 6.5 ግራም፣ ጉልበቱ 2,600 ጁል ገደማ ነው። ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ የተፈተነ ጥይት ነው። አንድ ጠመንጃ ብቻ ግዛ ብትሉኝ እኔ የምገዛው ይህን ነው። ለትንሹም ለመካከለኛውም ይሆናል። ርግጫውም ትከሻ አያስፈራም።

ርግጫን አትናቁት። ያው ጥይት በቀላል ጠመንጃ ሲተኮስ ከከባዱ የበለጠ ይራገጣል። .308 የሚባለውን ከበድ ያለ ጥይት በ2.7 ኪሎ ጠመንጃ የተኮሰ ሰው ከአምስተኛው ጥይት በኋላ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል። አይቻለሁ፤ እኔም ጨፍኛለሁ። ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንስሳ ያቆስላል። ቀላል ጠመንጃና ትንሽ ካሊበር አብረው የሚሄዱት ለዚህ ነው።

«የክላሽ ጥይት የለመድነው ነው፣ በእሱ የሚሠራ ልግዛ» የሚሉኝ አሉ። በ7.62 በ39 የሚሠሩ፣ በእጅ የሚቀባበሉ ቀላል ጠመንጃዎች በእርግጥ አሉ። ችግሩ ከጥይቱ ነው። የጦር ጥይት እርሳሱ ሙሉ በሙሉ በጠንካራ ብረት የተሸፈነ ነው። እንስሳው ገላ ውስጥ ሳይከፈት በቀጭኑ በስቶ ያልፋል። እንስሳው ቁስሉን ይዞ ገደል ይወርዳል፣ ሌሊቱን ሲሰቃይ አድሮ ይሞታል፣ ጅብ ይበላዋል። ለአደን የሚሆነው ጫፉ ላይ እርሳሱ የሚታየው፣ ሲመታ የሚከፈተው ነው። የየትኛውም ካሊበር ጠመንጃ ከመግዛታችሁ በፊት የአደኑን ዓይነት ጥይት በሕጋዊ መንገድ የምታገኙበትን ቦታ እወቁ። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ዱላ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። 5.56 የጦር ጥይት .223 ጠመንጃ ውስጥ ይገባል። መልኩም አንድ ነው። ግን ውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ሊበልጥ ይችላል። በርሜሉ ላይ የተጻፈው .223 ብቻ ከሆነ .223 ብቻ አጉርሱት።

ወሎ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ። አብረው የሚወጡት ብዙ ጊዜ ሙስሊምና ክርስቲያን ናቸው። ሥጋው ለማን እንደሚሆንና ማን እንደሚያርድ ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ። ቢስሚላህ ወይም በስመ አብ ብሎ በሕይወቱ ለማረድ እንስሳው ከተመታበት ብዙም ሳይርቅ መውደቅ አለበት። ለዚህም ነው ከጠመንጃው ትልቅነት ይልቅ የምትመቱበት ቦታ የሚወስነው። ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ሳንባው ላይ። ከዚያ ሌላ ቦታ ብቻ ከታያችሁ አትተኩሱ።

ማቀባበያው

በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ የመረጥነው ስለሚቀል፣ ጭቃና አቧራ ስለሚችል፣ ደግሞም አንድ ጥይት በአንድ ሐሳብ ስለሚያስተኩስ ነው። ሱቅ ውስጥ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ከዚያ ማቀባበያውን ቀና፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ዝቅ አድርጉት። ሃያ ጊዜ። ጠመንጃውን ከትከሻ ሳታወርዱ ማድረግ ከቻላችሁ ጥሩ ነው። መሃል ላይ የሚነክስ ከሆነ ተዉት። ባዶ ቀለህ የሚይዘውን ጥፍር እዩ። ሰፊና ያልተሸረፈ ይሁን። ጀርመን በ1898 እ.ኤ.አ. በተቀበለችው ማውዘር ላይ ያለው ረጅም ጥፍር ዛሬም ከምርጦቹ አንዱ ነው። ሲዜድ 527 የእሱ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል።

ሴፍቲው፣ ማለትም ቃታውን የሚቆልፈው፣ በአውራ ጣት ያለ ብዙ ድምፅ መንቀሳቀስ አለበት። ማቀባበያውንም አብሮ የሚቆልፍ ከሆነ ይበልጥ ይመረጣል። ጥሻ ውስጥ ስትሄዱ ቅርንጫፍ እየያዘ አይከፍትባችሁም።

በርሜል፣ ሰደፍ፣ ቃታ

የበርሜሉ ርዝመት ከ46 እስከ 56 ሴንቲሜትር ይበቃል። ከዚያ ሲረዝም በግራር ውስጥ ስታልፉ ይጠላለፋል። ቀጭን በርሜል ከሦስት ጥይት በኋላ ይግላል፤ ሲግል ጥይቱ ቦታ ሊቀይር ይችላል። ለአደን ግን የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ጥይት ነው።

የ.223 ገዢዎች የበርሜሉን የውስጥ ጠመዝማዛ ጠይቁ። አንዳንዱ በ30 ሴንቲሜትር አንድ ዙር ይዞራል። እሱ እስከ 3.6 ግራም ለሚደርስ ቀላል እርሳስ ነው። ከበድ ያለ እርሳስ ለመተኮስ በ20 ወይም በ23 ሴንቲሜትር አንድ ዙር የሚዞር ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ ገዝተው «ጠመንጃው አይመታም» የሚሉ ሰዎች አሉ። የማይመታው ጥይቱ ስላልተስማማው ነው።

ሰደፉ እንጨት ከሆነ ያምራል፤ ግን የክረምት ጭጋግና ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በርሜሉንም ይገፋዋል። ለደጋ ፕላስቲኩን እመርጣለሁ። ርዝመቱን ለመለካት የሰደፉን ጫፍ ክርናችሁ መታጠፊያ ላይ አድርጉ። ሌባ ጣታችሁ ቃታው ላይ በምቾት ካረፈ ልክ ነው። ይህን ስትሞክሩ ለአደን የምትለብሱትን ወፍራም ጃኬት ለብሳችሁ ይሁን። በደላንታ ብርድ የለበሳችሁት ጃኬት ሰደፉን ሁለት ጣት ያህል ያስረዝመዋል።

ቃታው ሳይንሸራተት፣ ሳይንተከተክ፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ብሎ መለቀቅ አለበት። ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ጉልበት ይበቃል። ከዚያ የሚቀል ቃታ በብርድ ለደነዘዘ ጣት አደጋ ነው።

መነጽሩ

ከ2 እስከ 7 ጊዜ የሚያቀርብ ትንሽ መነጽር ይበቃል። ዋናው ነገር ማሰሪያው ነው። ይህን የማውቀው ዋጋ ከፍዬበት ነው።

አንድ ጊዜ ጠመንጃውን በፒክአፕ ጭነን ግማሽ ቀን በኮረት መንገድ ተጓዝን። ማታ ስንደርስ ብሎኖቹን መፈተሽ የእኔ ሥራ ነበር። ደክሞኝ ተውኩት። በማግስቱ እንግዳው በ120 ሜትር ላይ ለቆመ ሚዳቋ በደንብ አነጣጥሮ ተኮሰ። ጥይቱ ሆዱን መታው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀትር ድረስ ደሙን ጠብታ በጠብታ ተከተልን። ቅጠል ላይ ያለች ጠብታ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ፣ ከዚያ ምንም። ስናገኘው ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ያየን ነበር። ጨረስነው። በኋላ መነጽሩን በእጄ ስይዘው በቀለበቱ ውስጥ ተነቃነቀ። የፊተኛው ብሎን ላልቶ ነበር። ያን ዓይን እስካሁን አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ ትንሽ ካቻቢቴ ከኪሴ ወጥታ አታውቅም። እናንተም ብሎኖቹን ከእያንዳንዱ የመኪና ጉዞ በኋላ ፈትሹ። በብሎኑና በቀለበቱ ላይ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጭን መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው።

መነጽሩ ከዓይናችሁ ቢያንስ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ይራቅ። ሽቅብ ስትተኩሱ ፊታችሁ ወደ መነጽሩ ይጠጋል፤ ጠመንጃው ሲራገጥ ቅንድብ ይሰነጥቃል።

ያገለገለ ከሆነ

በጠመንጃው ላይ ያለው ቁጥርና በወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ካልሆነ፣ ወይም ወረቀት ጭራሽ ከሌለ፣ ዋጋ አትጠይቁ። ውጡ። ወረቀቱ ደህና ከሆነ ማቀባበያውን አውጥታችሁ በርሜሉን ወደ ብርሃን ያዙና ከኋላ ተመልከቱ። ጠመዝማዛው ጥርት ብሎ እስከ ጫፍ መታየት አለበት። የአፈሙዙን ጠርዝ በጥፍር ዳሱ፤ የተፈነከተ ከሆነ ጥይቱ ይስታል። ከቃታው ኋላ በሰደፉ ቀጭን አንገት ላይ ስንጥቅ ይፈልጉበታል። የጥይቱ ጉሮሮ፣ ማለትም ጥይቱ የሚጎርስበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል፣ መላላቱን ግን በዓይን አታውቁትም፤ በመለኪያ ለሚያይ የመሣሪያ ባለሙያ ስጡት።

ማስተካከልና መያዝ

በተፈቀደ የተኩስ ቦታ፣ በ25 ሜትር ጀምሩ። ከዚያ ወደ 100 ሜትር እለፉ። ሦስት ጥይት፣ ከዚያ በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጡ፣ ደግሞ ሦስት። ሦስቱ በቡና ሲኒ አፍ ውስጥ ከገቡ ለአደን ደርሳችኋል። የጥይቱን ዓይነት ከቀየራችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ከቆላ ወደ ደጋ ስትወጡ አየሩ ስለሚሳሳ ጥይቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመታል፤ በቦታው ላይ አንድ ሁለት ጥይት ሞክሩ።

በገደል ላይ ደግሞ ይህን ያዙ። ሽቅብም ይሁን ቁልቁል ስትተኩሱ ጥይቱ ከለመዳችሁት ከፍ ይላል። በ30 ዲግሪ ዘንበል ያለ 200 ሜትር ለጥይቱ እንደ 173 ሜትር ነው። ስለዚህ ለዚያ አጭር ርቀት አነጣጥሩ።

ስትራመዱ ጉሮሮው ውስጥ ጥይት አይኑር። ጥይቱ ካዝና ውስጥ ይቆይ፣ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር። የወሎ ቁልቁለት በጠዋት ጤዛ እንዴት እንደሚያዳልጥ ታውቁታላችሁ። የምታቀባብሉት እንስሳውን አይታችሁ፣ ከኋላው ሰውም ከብትም ቤትም እንደሌለ አረጋግጣችሁ፣ ተደግፋችሁ ስትቀመጡ ነው። እረኛ የማይደርስበት ገደል የለም።

ቤት ስትመለሱ ጠመንጃውን ከልብስ ከረጢቱ አውጡት፤ እርጥበት ይዞ ካደረ ይዝጋል። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ በቀጭኑ ዘይት ቀቡት። ማቀባበያውን አውጥታችሁ ለብቻው፣ ጥይቱንም ለብቻው ቆልፉ። ቁልፉን ልጆች በማያውቁት ቦታ አስቀምጡ።